ለሳይክል የተላኩ ሽማግሌዎች

ያን ዓመት እግሬ አልቀመጥ ብሎኝ ነበር። ቢሮ ቁጭ ብዬ ደብዳቤ ስተይብ ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቴ ለብቻው ይነቃነቃል፤ አለቃዬ ሁለት ጊዜ "በረደሽ እንዴ?" ብለው ጠይቀውኛል። ብርድ አልነበረም። ከእንጦጦ ተነስተን በሙከጡሪና በለሚ አልፈን፣ ጀማ ሸለቆ ወርደን ዓለም ከተማ፣ ከዚያ በመንዝ ዞረን በደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ልንመለስ አስበን ነበር። በማውንቴን ሳይክል፣ ስድስት ቀን። ይህ ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ ከገባ ወዲህ የምበላው አይታወቀኝም፤ የምተይበው ደብዳቤ ሁሉ ስህተት ነው።

ተጓዦቹ ሦስት ነበርን። አንዱ ቀበና ድልድይ አጠገብ ሳይክል የሚጠግኑ፣ በወጣትነታቸው ተወዳዳሪ የነበሩ፣ ስልሳ ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ሌላው ኮተቤ ሒሳብ የሚያስተምር የልጅነት ጎረቤቴ ነው። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ፤ የሃያ ሰባት ዓመት ጸሐፊ፣ ከመርካቶ የተገዛ ቀለሙ የተላጠ ሳይክል ያላት፣ ትዕግሥት የሚባል ነገር ያልፈጠረባት።

በየቅዳሜው በፈረንሳይ ሰፈር በኩል እንጦጦን እንወጣለን። ጋሼ የራሳቸው አሠራር ነበራቸው። ዓይናችንን በሻሽ አስረው ጎማ ያስፈቱናል፤ የውስጡን ጎማ፣ ከመነዳሪውን፣ አውጥተን፣ ቀዳዳውን በጣታችን ፈልገን፣ ለጥፈን እንድንመልሰው። "ዝናብ ሲዘንብና ሲጨልም ዓይን አያገለግልም" ይላሉ። መምህሩ ቶሎ ለመደው። እኔ ግን ጣቴ ይቸኩላል፤ ማስቲሹ ሳይደርቅ እነፋዋለሁ፣ አየሩ ፉሽ ብሎ ይወጣል። ጋሼም "አንቺ ልጅ፣ ማስቲሹ አንቺን አይፈራም" ይሉኛል።

ከፋሲካ በኋላ ደግሞ የጭነት ልምምድ ጀመርን። ለድንኳንና ለስንቅ የምንጠቀምበትን ከረጢት ጡብ ሞልተን ነው ዳገቱን የምንወጣው። አንድ ቅዳሜ እየተንፏቀቅኩ ስወጣ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ቆመው አዩኝ። አንዷ ከረጢቴን ዳበስ አድርጋ፣

"ጡብ ነው?" አለች።

"አዎ።"

"ላይ ቤት እየሠራሽ ነው?"

"አይ፣ ተመልሼ ይዤው እወርዳለሁ።"

ሴትየዋ ከሸክሟ ሥር ቀና ብላ ጓደኞቿን አየችና "እኛስ እንኳ ቁልቁል ነው የምንሸከመው" አለች። እስከ ታች ድረስ ሲስቁ ይሰማኝ ነበር። ከተማ ስገባ ደግሞ የታክሲ ረዳቶቹ "እህት፣ ጎማሽ እየዞረ ነው!" ይሉኛል። ይህን ሁሉ ቻልኩት። ያልቻልኩት ቤት ያለውን ነው።

አባቴ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። ከደቡብ በልጅነታቸው መጥተው፣ ሠላሳ ዓመት መሪ ይዘው፣ ዛሬ ሳሎን ከስልኩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነቡ ሰው ናቸው። መትተውኝ አያውቁም፤ ተቆጥተውኝም አያውቁም ማለት ይቻላል። ብቻ አናወራም። በእኛ ቤት ለአባቴ የሚነገር ነገር ሁሉ በእናቴ በኩል ያልፋል፤ የደብተሩም፣ የጫማውም፣ የሥራ መቀጠሬም ወሬ በእሷ በኩል ነው የደረሳቸው። ከቢሮ ስደውል ስልኩን ያነሱና ድምፄን እንደሰሙ "ቆይ፣ እናትሽን ልጥራ" ይላሉ። ከዚያ በኋላ የሚሰማኝ የእናቴ ነጠላ ጫማ ሲጎተት ነው።

የጉዞውንም ነገር ለእናቴ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች።

"ሴት ልጅ ከሁለት ወንድ ጋር አምስት ሌሊት ገጠር? እኔ ይህን ለአባትሽ ምን ብዬ ነው የምነግረው? አይሰሙም፤ ተዪው።"

በቃ፣ አባቴ ከልክለውኛል ብዬ ደመደምኩ። ለጋሼም እንደዚያው ነገርኳቸው፤ "አባቴ እምቢ ብለዋል" አልኩ። እንባዬ ቀርቦ ስለነበር ሰውዬው አዘኑልኝ። ፒንሳቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ትንሽ አሰቡና "ሽማግሌ ይላካል" አሉ።

"ለሳይክል?"

"ለምን አይላክም? እኔ ከሥራ ስባረር አለቃዬ ላይ ሽማግሌ ልኬ ነው የተመለስኩት። ባልና ሚስት ሲጣሉ ይላካል፣ ሰው ደም ሲቃባ ይላካል። አባትሽ ደግሞ ሰው የሚያከብሩ ሰው ናቸው።"

ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ፊት ለፊት ከመናገር ሌላ ማንኛውም መንገድ ያኔ ደስ ይለኝ ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን መጡ። ጋሼ፣ የዕድራችን ዳኛና አንድ ጡረተኛ መምህር፤ ሦስቱም ኮት ለብሰው፣ ነጠላ ደርበው። እኔ እንደ ደንቡ ጓዳ ገባሁና መጋረጃው ጀርባ ቆምኩ።

"ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ" አሉ አባቴ።

"ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም" አሉ የዕድሩ ዳኛ። ሽማግሌ ሲላክ እንዲህ ነው የሚባለው።

"ስለ ልጅዎ ነው የመጣነው" ሲሉ ጋሼ ጀመሩ። "እሷና እዚህ ኮተቤ የሚያስተምረው ልጅ..."

አባቴ አላስጨረሷቸውም። ድምፃቸው ልስልስ ብሎ "ገባኝ፤ ከዚህ በላይ መናገር አያስፈልግም" አሉ። "እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ በአንድ ቀን አይመለስም። ከቤተሰብ ልምከር። ለሦስት ሳምንት ቀጠሮ እንያዝ።"

ሽማግሌዎቹ አመስግነው ሄዱ። እኔ ጓዳ ውስጥ ጨርቄን ልጥል ምንም አልቀረኝም። ለሳይክል ሦስት ሳምንት! የምንነሳው ልክ ሦስተኛው እሑድ ባለፈ ረቡዕ ነው። ከዚያ ካለፈ ሰኔ ይገባል፤ የጀማ መንገድ ጭቃ ይሆናል፤ መምህሩም ፈተና ያርማል። እናቴ ከሳሎን ስትመለስ ፊቷ ፈክቶ ነበር። ጉንጬን ነካ አድርጋ "አይ አንቺ፣ የሳይክሉ ነገር እኮ አልገባኝም ነበር" አለችኝ። እኔም በመጨረሻ ገባት ብዬ ደስ አለኝ።

በአራተኛው ቀን አክስቴ ከሲ.ኤም.ሲ መጣች። አክስቴ ያለ ምክንያት ቀበና አትመጣም። አጠገቤ ተቀምጣ፣ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣

"ለመሆኑ የት ልትሆኑ ነው?" አለች።

"ድንኳን አለን" አልኳት።

"ምን አላችሁ?"

"ድንኳን። ትንሽ ናት፣ ግን ውኃ አታስገባም። የጋሼ ለብቻ ነው፤ እኔ በሷ፣ መምህሩ ደግሞ ሰው ቤት ካገኘ ሰው ቤት።"

አክስቴ አፏን ከፍታ ቀረች። "ባልሽ ሰው ቤት ሊያድር?" ስትለኝ ሁሉም ነገር በአንዴ ተገለጠልኝ፤ የሦስት ሳምንቱ ቀጠሮ፣ የእናቴ ፈገግታ፣ የአባቴ ድምፅ መለስለስ። ሃያ ሰባት ዓመት የሞላት ልጅ ያለችው ሰው፣ እሑድ ከሰዓት ሦስት ኮት የለበሱ ሽማግሌዎች ደጁ ሲቆሙ ሌላ ምን ሊያስብ ነው? የልጅቱ አባት ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ነገር አያስጨርስም፤ ደንቡ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ሐሳቤ በሙሉ ጎማ ላይ ስለነበር ነው።

የዚያኑ ቀን ልነግራቸው ተነሳሁ። አባቴ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ሳሎኑ በር ላይ ስቆም መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና "እናትሽ ጓዳ ናት" አሉ። እኔም ጓዳ ገባሁ። በማግስቱ ከሥራ መልስ ቆምኩ፤ "እናትሽ ሱቅ ሄዳለች፣ አሁን ትመጣለች" አሉ። እንዲህ እያልኩ ሁለት ሳምንት በዚያ በር ቆሜ ተመለስኩ። ስወጣ በራሴ ላይ እናደዳለሁ፤ ሳይክሌን አውጥቼ የየካን ዳገት ያለ ምንም ምክንያት ወጥቼ እወርዳለሁ።

በዚህ መሐል አባቴ ሌላ ሰው ሆኑ። ለስንት ዓመት የዛገውን የግቢ በር አረንጓዴ ቀቡት። ከሰፈር ሰው ጋር እየቆሙ ያወራሉ። አንድ ቀን ጢማቸውን ተላጭተው ወጡና ሲመለሱ እናቴ በሹክሹክታ ነገረችኝ፤ ኮተቤ ሄደው ስለ መምህሩ አጠያይቀዋል።

"ሃይማኖቱ ከብዷቸዋል" አለችኝ። "እኛ ጴንጤ ሆነን እሱ ኦርቶዶክስ መሆኑ። ሦስት ቀን ጾመው ጸለዩ። ዛሬ ጠዋት ግን 'ልጁ ሰው ነው አሉኝ፤ የቀረውን ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ' ብለዋል።"

አባቴ በሕይወታቸው የማይለቁት አንድ ነገር ቢኖር ያ ነው፤ እሱን እንኳ ለእኔ ብለው ለቀቁ። ለእኔም አይደለም፤ ለሌለ ነገር።

ለመምህሩ ስነግረው እንጦጦ አናት ላይ ነበርን። ሳቁ አልቆም ብሎት ሳይክሉን ጥሎ ባሕር ዛፍ ተደገፈ። "ናዝሬት ያለችው እጮኛዬ ትስማ ብቻ!" አለ። ከዚያ ፊቴን አየና መሳቁን ተወ። "ዛሬውኑ ንገሪያቸው። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ከሰው ፊት ከሚሰሙት ካንቺ ይስሙት።"

"ነገ" አልኩ።

ነገ፣ ነገ እያልኩ ቀጠሮው ደረሰ። ለጋሼ ያልነገርኩት እሳቸው ሰምተው እንደማያድሩ ስለማውቅ ነው፤ በቀጥታ ወደ አባቴ ይሄዱ ነበር። ሐቁን መደበቅ አልችልም፤ ከፍርሃቴ ሥር አንድ ሌላ ነገር ነበር። አባቴ "እሺ" ሊሉ እንደሆነ አውቄያለሁ። እሺታው ለሌላ ነገር ቢሆንም እሺታ ነው ብዬ ነበር። ያን ያህል መሄድ ፈልጌ ነበር።

እሑድ ዕለት ሳሎኑ ሞልቷል። አክስቴ፣ ባሏና አጎቴ ከጠዋት ጀምሮ ተሰይመዋል። አባቴ ለሠርግ ብቻ የሚለብሱትን ሱፍ ለብሰዋል። ሽማግሌዎቹ ገብተው ቆሙ። እኔ መጋረጃው ጀርባ ቆሜ ጉልበቴ እንደ ቢሮው ይነቃነቃል።

"መክረናል" አሉ አባቴ። "ጸልየናል። ልጃችንን ሰጥተናል።"

አክስቴ እልል አለች። የጋሼ ፊት በደስታ በራ፤ እልልታው ትንሽ ግር ቢላቸውም ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ።

"እግዚአብሔር ይስጥልን። እንግዲህ ረቡዕ በጠዋት እንነሳለን። በስድስተኛው ቀን፣ ሰኞ ከመምሸቱ በፊት፣ እዚሁ ደጅዎ ላይ በሰላም መልሰን እናስረክባለን።"

እልልታው መሐል ላይ ተቆረጠ።

"ማንን ነው የምትመልሱት?" አለች አክስቴ።

"ልጅቱን ነዋ" አሉ ጋሼ። አክስቴ ዝም ስትልባቸው ጊዜ የጎደለ ነገር ያለ መሰላቸውና "ሳይክሏንም ጭምር" ብለው ጨመሩ።

በመጋረጃው ቀዳዳ አባቴን አየኋቸው። አልተቆጡም። ቀስ ብለው ተቀመጡና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። የዕድሩ ዳኛ ነገሩ ገብቷቸው ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። አክስቴ መጮህ ስትጀምር አባቴ እጃቸውን አነሱ።

"ሰጥተናል ብያለሁ። ከሰው ፊት የወጣ ቃል ነው፤ አይመለስም። ምግቡ ይቅረብ።"

ምግቡ ቀረበ። ጋሼም እስከዚያው ገብቷቸው ነበር መሰል፣ አንገታቸውን ደፍተው ሁለት ጉርሻ ብቻ በሉ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ሰዉ ሲበተን አባቴን ግቢው ውስጥ ካለው ጽድ ሥር ቆመው አገኘኋቸው። ሱፉን አላወለቁም። አጠገባቸው ቆምኩ። እናትሽ ጓዳ ናት አላሉኝም።

"ስንት ጊዜ ከለከልኩሽ?" አሉ።

"ምኑን?"

"ይህን ጉዞ። ስንት ጊዜ ጠይቀሽኝ ስንት ጊዜ እምቢ አልኩሽ?"

"አልጠየቅኩዎትም።"

"አባት ላይ ሽማግሌ የሚላከው ከልጁ ጋር ሲጣላ ነው። እኔና አንቺ መቼ ተጣላን?"

እንባዬ መጣ። "ይከለክሉኛል ብዬ ነው" አልኩ።

"እከለክልሽ ነበር" አሉ አባቴ። "ግን ከአፍሽ ሰምቼ።" አዲስ የተቀባውን በር ትንሽ አዩና ወደ ቤት ገቡ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ቀናት ከሦስቱ ሳምንት ይልቅ ረዘሙብኝ። መሄድ እችላለሁ፤ የሚከለክለኝ የለም። ድንኳኑን ጠቀለልኩ፣ ፈታሁ፣ እንደገና ጠቀለልኩ። በሶውን በሁለት ፌስታል ከፈልኩ፣ መልሼ በአንድ አደረግኩ። የሰረቅኩትን ዕቃ የማሰናዳ ያህል ይሰማኝ ጀመር። ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ አውቶቡስ ተራ ሄጄ ስለ ጀማ ቁልቁለት ሾፌሮችን እንደገና ጠየቅኩ። ወር ሙሉ ስጠይቃቸው ነበር። አንዱ ውኃ አለ ይላል፣ አንዱ የለም ይላል፤ አንዱ መንገዱ ደህና ነው ይላል፣ ሌላው ጸሎትሽን አድርሺ ይላል።

ማክሰኞ ከሥራ መልስ ሳይክሌን ግቢ ውስጥ ገልብጬ ካቴናውን ዘይት ስቀባ የአባቴ ጫማ አጠገቤ ቆመ። ቀና ስል ከመኪናቸው ዘመን የቀረችውን አሮጌ ፒንሳ ይዘዋል። አሁን ካልሆነ መቼም አይሆንም ብዬ፣

"አባባ" አልኩ። "ነገ ልሂድ?"

አባቴ ቁጢጥ ብለው የኋላውን ጎማ በእጃቸው አሽከረከሩና ፍሬኑን ጨመቁ። ጎማው ትንሽ ሄዶ ቆመ።

"ይላላል" አሉ። ሽቦውን በፒንሳው ሳቡት፣ ብሎኑን አጠበቁት፣ እንደገና አሽከረከሩ። "በየት ነው የምትወርዱት?"

"በለሚ።"

"ለሚን እንዳለፋችሁ መጀመሪያ ሜዳ ነው፤ እንዳያታልልሽ። ሸለቆው አፍ ላይ ስትደርሺ ፍሬኑን በአንዴ አትያዢው፤ ያዝ ለቀቅ አድርጊ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ጠጠሩ ይንሸራተታል። እዚያ ውረጂና ግፊው።"

"ያውቁታል እንዴ?"

"አሥራ አንድ ዓመት ጤፍ ያመላለስኩበት መንገድ ነው" አሉ።

እጄ ላይ ያለው ዘይት እየተንጠባጠበ አየኋቸው። ወር ሙሉ አውቶቡስ ተራ የለመንኩት መንገድ፣ በየቀኑ በአጠገቡ እያለፍኩ ጓዳ የምገባው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። አባቴ በፒንሳው ጫፍ መሬት ላይ ሠሩልኝ። ድልድዩ እዚህ፣ ምንጩ ከድልድዩ በፊት በስተግራ፣ ጥላ ያለበት ዛፍ እዚያ። "ምንጩ ምናልባት ደርቆ ይሆናል" አሉ። "ሰው ጠይቂ። መጠየቅ ምንም አይልም።"

"እሺ" አልኩ። ፊቴ ጋለ።

"ዓለም ከተማ ቴሌ አለ። አርብ ስትደርሱ ደውዪ።"

"እሺ፣ ለእማዬ እደውላለሁ" አልኩ ከልማዴ።

አባቴ ሳይክሉን ቀጥ አድርገው አቆሙልኝና ፒንሳውን ኪሳቸው ከተቱ።

"ለእናትሽ አይደለም" አሉ። "ስልኩ አጠገብ የምቀመጠው እኔ ነኝ።"